ከእጄ ያልወጣው ዕጣ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርሁም። ለጎረቤቶቼ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴ እንኳ በየጾሙ ስናዘዝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ከምራቴ ጋር የተነካከስሁትን ሁሉ እዘረዝርና እዚች ላይ ስደርስ ምላሴን እውጣለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዋጥሁት። አልተፈጨልኝም።

ያደረግሁት ይህ ነው። ቤት ለሌላቸው ሰዎች የቤት ዕጣ ሲወጣ የአንዱን ሰው ዕጣ በመዳፌ ጨብጬ አስቀረሁት። ከሌሎቹ ጋር እንዲገባ አላደረግሁም። ሰውየው ቤት አላገኘም። ቤት ስላላገኘም እግሩን አጣ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ አጭር ነው። አሳጥሬ ብተወው ግን ለራሴ ያዘንሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ከነዝርዝሩ ስሙኝ።

አንጓች እባላለሁ። የእንጅባራ ሰው ግን «እማማ ሚዛን» ይለኛል። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠ ነው፤ ፊደሉን ግን አልረሳሁትም። ሚዛን ያሉኝ በሰፈራችን የቅርጫ በሬ ሲታረድ መደቡን የማየው እኔ ስለሆንሁ ነው። አንዱ መደብ ጉበት ጎድሎት፣ ሌላው ሻኛ በዝቶበት ካየሁ፣ ሥጋው ይሽተት እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይነሳም እላለሁ። መጀመሪያ ሴት ምን አገባት ያሉኝ ነበሩ። ቆይተው እነሱው ይጠሩኝ ጀመር።

ይህ ጠባይ ከእናቴ ቤት የመጣ ነው። እኔ ገና ወጣት ሳለሁ በጥርባ በኩል መሬት ሲደለደል፣ ደልዳዮቹ ለጥ ያለውን ሜዳ ለዘመዶቻቸው ሰጥተው ድንጋዩንና ገደሉን ለእናቴ ሰጧት። እናቴ ባሏ የሞተባት፣ አዊኛ እንጂ አማርኛ የማይቀናት ሴት ነበረች። አልተከራከረችም። ወደ ቤት ስንመለስ ብቻ «ምነው ዕጣ ቢጥሉት» አለች። ያን ቃሏን ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው ዞርሁ። ዕጣ ዘመድ የለውም፤ ዕጣ ቋንቋ አይመርጥም፤ ዕጣ ጉቦ አይበላም እያልሁ ኖርሁ። ይህን ስል የኖርሁት እኔ ነኝ። ልብ በሉልኝ።

ከአራት ዓመት በፊት በከተማችን በረንዳ የሚያድረው ሰው በዛ። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በካርቶን ላይ የሚታደርበት ብርድ አይደለም። ዕድሮቹ ተነጋገሩና ሥራውን ሦስት ላይ ከፈሉት። አንዱ ወገን ማለዳ ማለዳ እየዞረ በረንዳ ያደረውን ሰው በስሙ እየጠራ ይጠይቃል፤ የታመመውን ይለያል። አንዱ ወገን ቤት ይሠራል። ሕክምናውን ደግሞ ከጤና ጣቢያ የመጣች ሲስተር ሀብታም የምትባል ነርስ ያዘችው። ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው አስፈለገና እኔን መረጡኝ። ሐሙስ ሐሙስ እንሰበሰባለን። ዟሪዎቹ «እከሌን ሳል ይዞታል» ይላሉ። ሲስተር «መድኃኒቱን በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ ነገ የት ነው የማገኘው?» ትላለች።  ዛሬ አንድ ሱቅ በረንዳ፣ ነገ መናኸሪያ፣ ከነገ ወዲያ የት እንደሚያድር ማን ያውቃል? ቤት የሌለውን ሰው ማከም በወንፊት ውኃ መቅዳት መሆኑን ያየሁት እነዚያ ሐሙሶች ላይ ነው።

ዓመት ፈጅተን አምስት ክፍል አቆምን። ግድግዳው ቀርከሃና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በግቢው መካከል ቦኖ ውኃ። የባሰባቸው ተብለው የተለዩት ግን ስምንት ሰዎች ነበሩ። ይጠጣል አይጠጣም፣ ይሰርቃል አይሰርቅም ተብሎ እንዳይጠየቅ አጥብቄ የተከራከርሁት እኔ ነበርሁ። «ቤቱ ለሰውየው ነው እንጂ ለጠባዩ አይደለም። ዕጣ ጠባይ አይጠይቅም» አልሁ። በቃሌ ያልሁት ነው። ቃለ ጉባኤውም ላይ አለ።

ከስምንቱ አንዱ ስንሻው ነበር። ዳንግላ ተወልዶ ያደገ ባለጋሪ ነው። ቦራ የሚባል ፈረሱ ሲሞትበት ጋሪውን ሸጦ ጠጣውና ሸክም ሊሸከም ወደ እኛ ከተማ መጣ። ሁለቱም እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ነው፤ ቀኙ ይብሳል። ሰው የዘር በሽታ ነው እያለ ይሸሸው ነበር። ሲስተር ሀብታም ግን ከልጅነት ጀምሮ በባዶ እግር ቀዩን አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፤ በየቀኑ በሳሙና ከታጠበ፣ ከደረቀና ቅባት ከተቀባ፣ ጫማም ከተጫማ ይሻለዋል አለችን።

አፉ ለከት የለውም። በአጠገቡ ሳልፍ «እማማ ሚዛን፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ነኝ?» ይለኛል።

«ምኑ ይመዘናል?» እለዋለሁ።

«ግማሹ እግር ነው፤ እግሩን ቀንሰው ይመዝኑኝ።»

እስቅ ነበር። እወደው ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። ሳይፈራኝ የሚናገረኝ እሱ ብቻ ነበርና ደስም ያሰኘኝ፣ ይቆጨኝም ነበር።

ያ እግር በተራ ጫማ አይገባም። ስለዚህ ነጠላዬን ዘርግቼ ቤት ለቤት ለቆዳው ለመንሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለራሴ ለምኜ አላውቅም። ጫማ ሠሪው እግሩን ለክቶ፣ ከጎማ ሶል አበጅቶ፣ እንደ ጀልባ የሰፋ ጫማ ሰፋለት። ስንሻው ሲጫማው አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ይህንን ልብ በሉ፤ ወደ በደሌ ያደረሰኝ ጎዳና በዚህ ነው የሚያልፈው።

ዕጣው ሊጣል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሐሙሱ ስብሰባ ሲስተር ሀብታም ተነሳች። «እማማ፣ ስንሻው ዕጣ ውስጥ አይግባ፤ በቀጥታ ቤት ይግባ። እግሩ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃው ቤት ይፈልጋል። ክረምቱ ከገባ በረንዳ ላይ አጥቤ አላድነውም» አለች።

ያለችው እውነት ነበር። እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። ተነሳሁና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «ዛሬ በእግር ካስቀደምን ነገ በዘመድ እናስቀድማለን። ዕጣ ይጣል ተብሏል፤ ይጣላል» አልሁ። ሰው አጨበጨበልኝ።

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ እማማ። ዕጣው ግን እግር አያይም» አለች።

«የምወደውም ለዚያ ነው» አልሁ።

በማግሥቱ ዓርብ፣ የዕጣውን ሰዓት ልነግረው ስንሻውን ፍለጋ ወጣሁ። በረንዳው ላይ የለም። ወደሚውልበት አረቄ ቤት ሄድሁ። እሱ እዚያም የለም። ጫማው ግን ነበር። አንዱ ጫማ ደጃፉ ላይ ሽንኩርት ተሞልቶበታል። በሌላው ውስጥ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። ዶሮ! ነጠላዬን ዘርግቼ በለመንሁበት ቆዳ ውስጥ፣ ገለባ ተነጥፎላት፣ አንገቷን ቀብራ።

አረቄ ሻጭዋ ሳቀችብኝ። «የስንሻው መያዣ ናት፣ እማማ። ዶሮዋ ወዳታለች፤ አሁን ባነሣት ዕንቁላሉ ይበላሻል። ጫጩት ታውጣና ይወስዳታል» አለችኝ።

ወጥቼ ሄድሁ። ደሜ ፈላ። ያን ቀን እህል አልቀመስሁም። ይህ ሰው ቤት ቢሰጠው ቆርቆሮውን ነቅሎ አይጠጣውም? ለዚህ ሰው ነው ውባለም ከጨቅላ ልጅዋ ጋር በብርድ የምታድረው? ውባለም ከስምንቱ አንዷ ናት፤ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋ መናኸሪያ የምታድር ልጅ። እንዲህ እያልሁ እያሰላሁ አደርሁ። ፍርድ መሰለኝ። ቂም መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቆይ፣ አይደለም። ይህም ማምለጫ ነው። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ፍርድ ቢሆን ኖሮ በጉባኤ ፊት እናገረው አልነበር? «ስንሻው ጫማውን ጠጥቷል፤ ይሰረዝ» ብዬ እጄን አላነሳም ነበር? ያላነሳሁት አንድ ሰው ተነስቶ «እማማ፣ ዕጣ ጠባይ አይጠይቅም ያሉት እርስዎ አይደሉም?» እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው። ስሜ እንዳይነካ ብዬ ነው። ስሜን ለማዳን በስውር ሰረቅሁ።

በእኛ ዘንድ ዕጣ ሲጣል እያንዳንዱ ሰው ከራሱ አንድ ነገር ይሰጣል። እንጨትም ቢሆን፣ ጠጠርም ቢሆን፣ የሚያውቀው ምልክት ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ይሰበሰብና የማንን ምልክት ማን እንደሰጠ ያላየ መንገደኛ ይጠራል። እሱ እያነሳ በየመደቡ ላይ ያኖራል። አንሺው ማንንም አያውቅም፤ ስለዚህ ለማንም አያደላም። ሰብሳቢው ግን ሁሉን ያውቃል። ለዚህ ነው ሰብሳቢው የታመነ ሰው የሚሆነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ የሰኔ ደመና። ነጠላዬን አጥፌ እንደ ከረጢት ያዝሁና በስምንቱ ፊት አለፍሁ። አንዱ የኮት ቁልፍ ጣለ። አንዱ ቆርኪ። አንዷ የቀርከሃ ስንጣሪ። ውባለም ከልጅዋ አንገት ዶቃ ፈታች። ስንሻው የነሐስ ቀለበት አወጣ። «የቦራ የልጓሙ ናት፣ እማማ። አደራ» አለና በነጠላው አፍ በኩል መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

ጨበጥኋት። ሌሎቹን ወደ ነጠላው እጥፋት እያወረድሁ እሷን ጨበጥኋት። እጄ ብቻውን አደረገው ልላችሁ ፈልጌ ነበር። እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል? ጨብጥ ያልሁት እኔ ነኝ። ከነጠላው ሥር ግራ እጄን ጨብጬ፣ በቀኜ የሰባት ሰው ዕጣ ይዤ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል በአህያ ጭኖ የመጣ ሰው ሲያልፍ ጠራነው። «እኔን ምን አገባኝ? አህያዬ ትሄድብኛለች» አለ። ሲስተር ሀብታም «አህያዋን እኔ እይዝልሃለሁ» ብላ ገመዱን ተቀበለችው፤ ሰው ሳቀ። ሰውየው እጁን በሱሪው ጠረግ ጠረግ አደረገና ከነጠላዬ አንድ አንድ እያነሳ በአምስቱ ደጃፍ ላይ አኖረ። በነካው ደጃፍ ሁሉ የጥቁር ጣት አሻራ ቀረ። የሱ እጅ ጥቁር ነበር፤ የእኔ ነጭ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም።

አራተኛው ደጃፍ ላይ የውባለም ዶቃ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልሁ። ግራ እጄን እንደጨበጥሁ እልል አልሁ።

አምስቱ ሲያበቃ ፊቴን ዞር አድርጌ ቀለበቷን ከቀሩት ከሁለቱ ጋር ጨመርሁ። ከዚያ ዕጣ ያልወጣላቸውን ሦስቱን ጠርቼ ምልክታቸውን መለስሁላቸው። ለአንዱ ቁልፉን፣ ለአንዱ ቆርኪውን፣ ለስንሻው ቀለበቱን።

ስንሻው ቀለበቷን በሁለት ጣቱ አገላበጣት። ጉንጩ ላይ አስነካት። «እማማ፣ ሞቃለች» አለኝ።

የእንጅባራ ጠዋት ነው። ነሐስ ነው። እንዴት ይሞቃል?

«ፀሐይ ነው» አልሁት።

ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ። አሁን ይናገራል አልሁ። እሱ ግን ወደ ሰዉ ዞረና «እግዜር አልፈቀደልኝም። እግዜር ለማን ይከሰሳል?» አለ። ሰዉ «ጎሽ፣ ተባረክ» አለው።  ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ ይበቃኛል፤ የእኔን ሥራ እግዜር ሲሸከመው ቆሜ ሰማሁ።

ሐምሌ ገባ። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አያባራም። ስንሻው በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሚስማር ረገጠ። ዟሪዎቹ በሐሙስ ስብሰባ ነገሩን። ሲስተር ሀብታም በየቀኑ ሳፋ ይዛ በረንዳው ላይ እየሄደች አጠበችለት። እሷ ታጥባለች፤ መኪና ያልፍና ጭቃውን መልሶ ይረጨዋል። እንደገና ታጥባለች። አንድ ቀን ቆሜ ከሩቅ አየኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ምን ነበረበት?

ያን ጊዜ እንኳ ማዳን እችል ነበር። ልጄ ሥራ ይዞ ከሄደ ወዲህ በቤቴ አንድ ክፍል ባዶውን ነው ያለው። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነበር። «ና ግባ» ማለት ሁለት ቃል ነው። አላልሁም። ብልማ ለምን እሱን ብቻ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም፣ ለምን እደብቃለሁ፣ የዶሮዋ ነገር ገና አልወጣልኝም ነበር።

በነሐሴ እግሩ ሸተተ። በአምቡላንስ ወሰዱት። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እኔ ሆስፒታል አልሄድሁም። ድፎ ዳቦ ላክሁ። አያችሁ? የሰው እግር ወስጄ ዳቦ ላክሁ።

ይህን የሰማ ሰው ምናልባት ጫማውን ስንሻው ለባሰበት ሰጥቶት ኖሮ ይሆናል ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ተረት ቢሆን እንዲያ ነው የሚያልቀው። እኔም ያን እንዳልሰማ ስፈራ ከረምሁ። አልሰማሁም። ስንሻው ጫማውን ጠጥቶታል፤ በቃ። ሰካራም ነበር። ታዲያ ቢሆንስ? ጫማውን የጠጣ ሰው እግሩን ይነጠቅ የሚል ሕግ የትኛው ጉባኤ ነው ያወጣው? እሱ የጠጣው የራሱን ጫማ ነው። እኔ የወሰድሁት የሱን ዕጣ ነው። እነዚህን ሁለቱን በሚዛን አስቀምጡልኝ እስኪ። እኔ ሦስት ዓመት አስቀምጫቸዋለሁ።

ውባለም ቤቷ ውስጥ አለች። ልጅዋ አሁን ይሮጣል፤ ሲያየኝ «አያቴ» ብሎ ቀሚሴን ይይዛል። ከስንሻው በተሰረቀ ዕድል ይግባ፣ በራስዋ ዕድል ይግባ፣ እግዜር ነው የሚያውቅ። እሷን ማንም እንዳይነካት። ይህ የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም።

ዘንድሮ አራት ክፍል ተጨመረ። ስብሰባው ተደረገ። ዕጣውን ማን ይሰብስብ ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ «እማማ ሚዛን» አለ። ስም ዝርዝሩ ሲነበብ ስንሻው አለበት። ወደ ዳንግላ ተመልሶ የጋሪዎቹ መቆሚያ ላይ በረንዳ ያድራል። እኔ እነግረዋለሁ አልሁና ባለፈው ሳምንት በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ነው የሄድሁት። ከዚህ በፊትም ሁለቴ እንዲህ ብዬ ሄጄ ብርቱካን ሰጥቼው ተመልሻለሁ።

ከፈረሶቹ አጠገብ ተቀምጦ፣ ክራንቹን አስደግፎ፣ ከባለጋሪዎቹ ጋር ሲከራከር አገኘሁት። ሲያየኝ ጮኸ። «እማማ ሚዛን! እግሩ ተቀንሶልኛል። አሁን ስንት ኪሎ ነኝ?»

ባለጋሪዎቹ ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ስለ ዕጣው ነገርሁት። «ማን ነው የሚሰበስብ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ክራንቹን ወደ ጭኑ ሳበ። ከዚያ ክራንቹ እጀታ ላይ በክር ያሰራትን የቦራን ቀለበት ፈታ። ጠዋት ነውና እንደ በረዶ ትቀዘቅዝ ነበር። መዳፌ ላይ አኖራትና ጣቶቼን በእጁ አጠፋቸው።

«አደራ እማማ፤ እንደዚያን ጊዜው እንዳትሞቅ» አለኝ።

 እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። «ታውቅ ነበር?» አልሁት።

«ፀሐይ እኮ አልነበረም።»

«ለምን ዝም አልህ ታዲያ?»

«ማን ያምነኛል? እርስዎ ሚዛን ነዎት። እኔ ጫማዬን የጠጣሁ ሰው ነኝ።» ቀጠለና «ለጫማው ነው አይደል?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። «ስምንት ጫጩት ወጣበት አሉ» አለ። «ከእኔ ይልቅ ዶሮዋ ተጠቀመችበት።» ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተቋረጠ።

ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። «እዚህ አይደለም፣ እማማ። ዳንግላ ላይ ምን ወሰዱብኝ? እዚያው፣ የወሰዱብኝ ቦታ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ይበሉት። ያኔ ይቅር እልዎት እንደሆን አያለሁ።»

ቤቱ ያለ ዕጣ እንዲሰጠው እከራከራለሁ፣ ሲስተርም ያን ጊዜ ያለችው ይኸንኑ ነው አልሁት። ተቆጣ። ሲቆጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «አልፈልግም። ዕጣ ውስጥ ልግባ። አንድ ጊዜ እንኳ ከሰው እኩል ልግባ። ካልወጣልኝ አልወጣልኝም፤ የዚያን ጊዜ በእውነት እግዜርን እከሰዋለሁ።»

«ካልወጣልህ በቤቴ ባዶ ክፍል አለ» አልሁት።

«አረቄ ይገባል?»

ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ደጄን አረቄ አልፎት አያውቅም። «ይገባል» አልሁ።

ዕጣው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ይህን የጻፍሁት ከዕጣው በፊት ግቢው ውስጥ ቆሜ ለማንበብ ነው። ድምፄ ከተሰበረ ሲስተር ሀብታም ትቀጥለዋለች። ባልመጣውም ሰው እጅ ይግባ፤ ሚዛን ሲለኝ የኖረው ሁሉ ያንብበው። በእኔ ስም ምለው የተጣሉ ካሉ ይታረቁ። በእኔ ዳኝነት ተበድዬ ነበር የሚል ካለ ይናገር፤ ምናልባት እውነቱን ነው።

አርጅቼ ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ለሕፃኑ አዝኜ ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩልኝ። ሁሉንም ለራሴ ብዬዋለሁ፤ አንዱም እግር አይሆንም። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለምና ልትሰጡኝ አትችሉም። ይቅርታው በእጁ ያለው ሰው አንድ ነው። እሱም አያለሁ ብሎኛል።

ነጠላውን ሌላ ሰው ይያዝ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ የመንገደኛውን አህያ እይዛለሁ።

ቀለበቷን ከዳንግላ እስክመለስ በመሐረብ ጠቅልዬ ያዝኋት እንጂ በእጄ አልጨበጥኋትም። ከደረስሁ ጀምሮ መስኮቱ ላይ በጣሳ ውስጥ ናት። ዛሬ ጠዋት፣ ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ በአንድ ጣቴ ነካኋት።

ቀዝቃዛ ናት።